የኦንላይን ትምህርትና የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፦ የሚያግዘውና የሚያሰናክለው

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በኦንላይን ሲማር መጽሐፉ ያው መጽሐፍ ነው፤ መምህሩም ብዙ ጊዜ ያው መምህር ነው። የሚለወጠው በትምህርቱ ዙሪያ የቆመው ሥርዓት ነው። ግቢ ውስጥ ያለ ተማሪ ጠዋት የሚነሣው ክፍል ስላለው ነው። የዶርም ጓደኞቹ ለሚድ ሲቀመጡ እሱም ደብተሩን ይከፍታል፤ ያልገባውን ከክፍል ሲወጣ ኮሪደር ላይ መምህሩን ይዞ ይጠይቃል፤ ላይብረሪ ሲገባ ወንበር፣ መብራትና ጸጥታ ያገኛል። እነዚህ ነገሮች በሥርዓተ ትምህርቱ አልተጻፉም፤ ዋጋ የሚያወጣላቸውም የለም። ትምህርቱን የሚሸከሙት ግን በአብዛኛው እነሱ ናቸው። ትምህርቱ ወደ ስልክና ወደ ኮምፒውተር ሲዛወር ሁሉም በአንድ ቀን ይቀራሉ። የኦንላይን ትምህርት የሚሳካው በቦታቸው ሌላ ነገር ሲተካ ነው። ካልተተካ ተማሪው ብቻውን ይቀራል፤ ብቻውን የቀረ ተማሪ ደግሞ በአብዛኛው ያቋርጣል።

ይህ ኢንተርኔት ከመምጣቱ በፊትም የታወቀ ነበር። የለንደን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1858 ግቢው ያልገቡ ሰዎች ባሉበት ተዘጋጅተው፣ ተፈትነው ዲግሪ እንዲይዙ ፈቀደ፤ ፈተናውን ይስጥ እንጂ ዝግጅቱ የተማሪው የራሱ ጉዳይ ነበር። የደቡብ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ ከ1946 ጀምሮ በፖስታ ሲያስተምር ኖሯል፤ ኔልሰን ማንዴላ የሕግ ዲግሪያቸውን በ1989 ያገኙት በእስር ላይ እያሉ ከዚሁ ዩኒቨርሲቲ ነው። እንዲህ ያለ ጽናት ያለው ሰው በማንኛውም መንገድ ይማራል። ዩኒቨርሲቲ የሚቋቋመው ግን ለማንዴላ ዓይነቱ ሰው ብቻ አይደለም።

ከዚህ አንጻር ብዙ የሚያስተምረው የብሪታንያው ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ነው። በ1969 ተቋቁሞ በ1971 ወደ 25 ሺህ የሚጠጉ የመጀመሪያ ተማሪዎቹን ሲቀበል የመግቢያ ውጤት አልጠየቀም። ስሙን ያስጠሩት በቢቢሲ የሚተላለፉት ትምህርቶች ናቸው፤ ተማሪውን ይዞ ያቆየው ግን ሌላ ነው። ለእያንዳንዱ ተማሪ በስም የሚያውቀው አስጠኚ መምህር ተመደበለት። አስጠኚው የተላከለትን አሳይመንት አርሞ፣ ተማሪው የት እንደሳተ በጽሑፍ አስረድቶ በፖስታ ይመልሳል። በየአካባቢው የጥናት ማዕከል ተከፈተ፤ ለብዙዎቹ ኮርሶችም በዓመቱ ዕረፍት ተማሪዎች ለጥቂት ቀናት አንድ ግቢ ውስጥ አብረው ይሰነብቱ ነበር። ቴሌቪዥኑ ትምህርቱን አደረሰ፤ አስጠኚው ተማሪውን አደረሰ።

ይህ ልምድ ከአርባ ዓመት በኋላ የተረሳ መሰለ። በ2011 ሰባስቲያን ትሩንና ፒተር ኖርቪግ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲን የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ኮርስ በነጻ ለዓለም ከፈቱት። 160 ሺህ ያህል ሰው ተመዘገበ፤ እስከ መጨረሻው የዘለቀው ከ20 ሺህ ጥቂት የሚያልፍ ነው። በዓመቱ ኮርሴራ፣ ኤድኤክስና ዩዳሲቲ ሥራ ላይ ዋሉ፤ ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ነገር በቅርቡ ያከትምለታል የሚሉም ብዙ ነበሩ። አላከተመለትም። ሃርቫርድና ኤምአይቲ በኤድኤክስ የሰጧቸውን ኮርሶች የመረመሩ አጥኚዎች በ2019 ሳይንስ በተባለው መጽሔት እንዳወጡት፣ በ2017 እና 2018 ከተመዘገቡት ኮርሱን የጨረሱት ከመቶ 3 ያህሉ ብቻ ነበሩ። እርግጥ ከተመዘገበው ብዙው ገባ ብሎ ለማየት የመጣ ነው፤ ለመጨረስ ያላሰበን ሰው አቋረጠ ማለት ያስቸግራል። ለሰርተፊኬት ገንዘብ ከከፈሉት መካከል ግን ግማሽ የሚጠጉት ጨርሰዋል። ኮርሱ ለሁሉም አንድ ነው። የከፈለው ሰው ግን ራሱን በአንድ ነገር አስሯል።

በ2013 ደግሞ በካሊፎርኒያ የሚገኘው የሳን ሆዜ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ከዩዳሲቲ ጋር ሆኖ የማጠናከሪያ ሒሳብ፣ አልጀብራና ስታቲስቲክስ በኦንላይን ማስተማር ጀመረ። ከተማሪዎቹ አንዳንዶቹ ቀደም ሲል ሒሳብ የወደቁ ናቸው፤ ገና ሁለተኛ ደረጃ ላይ ያሉም ነበሩባቸው፤ ከእነዚህ ውስጥ በቤታቸው ኮምፒውተር የሌላቸው ተገኙ። ያለፈው ተማሪ ግማሽ ያህል ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ሙከራው በዚያው ዓመት እንዲቆም ተደረገ። በዓመቱ ግን ጆርጂያ ቴክ የኮምፒውተር ሳይንስ ማስተርስ ዲግሪ በኦንላይን መስጠት ጀመረ። ጠቅላላ ክፍያው 7 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር። በ380 ተማሪዎች የተጀመረው ፕሮግራም ዛሬ ከ10 ሺህ በላይ ያስተምራል። በሁለቱም ቦታ ቪዲዮ አለ፣ በኮምፒውተር የሚታረም ጥያቄ አለ። የጆርጂያ ቴክ ተማሪ ግን አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው፣ ደመወዝተኛ፣ መማር የለመደ ሰው ነው። የኦንላይን ትምህርት ይሠራል ወይስ አይሠራም ተብሎ ሲጠየቅ ለማን የሚለው ካልተጨመረ መልሱ ሁልጊዜ የተምታታ ይሆናል።

ለማን እንደሚከብድ በሰፊው ያሳየው ዲ ሹና ሻና ጃጋርስ የተባሉ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች ሥራ ነው። በዋሽንግተን ስቴት ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ከ40 ሺህ በላይ ተማሪዎች የወሰዷቸውን፣ ቁጥራቸው 500 ሺህ የሚጠጋ ኮርሶች መረመሩ። በአማካይ ተማሪዎች ክፍል ገብተው ከሚያመጡት ውጤት በኦንላይን የሚያመጡት ዝቅ ብሎ ተገኘ። መውረዱ ግን ለሁሉም እኩል አይደለም። ቀድሞ ግሬዱ ዝቅ ያለው፣ በዕድሜ ወጣቱ፣ ወንዱና ጥቁር አሜሪካዊው ተማሪ ከሌላው የበለጠ ወረደ። ስለዚህ ኦንላይን ራሱን ችሎ የቆመውን ተማሪ ብዙም አይጎዳውም፤ በሌሎች ድጋፍ የቆመውን ግን ይጥለዋል። የትምህርትን ዕድል ለማስፋት ተብሎ የሚከፈት ፕሮግራም ካልተጠነቀቀ በተማሪዎች መካከል ያለውን ልዩነት የሚያሰፋው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለቱን አጣምሮ መስጠት የተሻለ እንደሆነ የአሜሪካ የትምህርት መሥሪያ ቤት በ2010 ያሳተመው የጥናቶች ግምገማ አመልክቷል፦ ከፊሉን በኦንላይን ከፊሉን በክፍል የተማሩት በክፍል ብቻ ከተማሩት በልጠው ተገኝተዋል። አዘጋጆቹ ግን እነዚህ ተማሪዎች ብዙ ጊዜ ተጨማሪ የጥናት ሰዓትና ተጨማሪ መማሪያ እንደነበራቸው ሳያስጠነቅቁ አላለፉም።

ለኦንላይን ተማሪ የመጀመሪያው እንቅፋት ጊዜ ነው። በፈለጉት ሰዓት መማር ይቻላል የሚለው ማስታወቂያ ለሠራተኛና ለእናት እውነተኛ ስጦታ ነው፤ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ግን ብዙ ጊዜ ወጥመድ ይሆናል፤ በማንኛውም ሰዓት ሊደረግ የሚችል ነገር ወደ ነገ ይገፋልና። ሃርቫርድ፣ ኤምአይቲና ስታንፎርድ በሰጧቸው 250 ገደማ ኮርሶች ላይ ሩብ ሚሊዮን የሚያህሉ ተማሪዎችን ያካተተና ውጤቱ በ2020 የታተመ ሙከራ ነበር። ተማሪዎች መቼና የት እንደሚያጠኑ አስቀድመው በጽሑፍ እንዲያቅዱ ተደረገ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ተሳትፏቸው ከፍ አለ፤ በኋላ ጥቅሙ እየሳሳ ሄዶ ኮርሱን የሚጨርሰውን ሰው ቁጥር አልጨመረም። ሪቻርድ ፓተርሰን የተባለ የኢኮኖሚክስ ምሁር የሞከረው ጠበቅ ያለ ነው። ተማሪው ራሱ በቀን ለፌስቡክና ለመሳሰሉት የሚያውለውን ጊዜ አስቀድሞ ይወስናል፤ ሰዓቱ ሲያልቅ ኮምፒውተሩ ገጾቹን ይዘጋበታል። እነዚህ ተማሪዎች በኮርሱ ላይ ያዋሉት ጊዜ በ24 በመቶ ጨመረ፤ ኮርሱን የመጨረስ ዕድላቸውም ከሌሎቹ በ40 በመቶ በለጠ። ማስታወሻ ብቻ ይላክላቸው የነበሩት ለውጥ አላሳዩም። ለተማሪ ጎበዝ፣ በርታ ማለት ደስ ያሰኛል፤ የሚሠራው ግን በር መዝጋት ነው።

በመምህሩ በኩል በር መዝጊያው የማስረከቢያ ቀን ነው። ሴሚስተሩን ሙሉ ዝም ብሎ መጨረሻ ላይ አንድ ትልቅ ፋይናል የሚያስቀምጥ ኮርስ ተማሪውን ለአሥራ አምስት ሳምንት ከለቀቀው በኋላ በአሥራ ስድስተኛው ይይዘዋል። በየሳምንቱ የሚሰበሰብ አጭር ሥራ፣ ከመቶ ሁለት ነጥብ እንኳ ቢይዝ፣ ከዚያ የተሻለ ይሠራል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ምንም ያላስረከበ ተማሪ ኋላ የማቋረጥ ዕድሉ ከፍ ያለ ስለሆነ ስልክ የሚደወልለት ያኔ ነው፤ ከሚድ በኋላ ይዘገያል።

ቀጥሎ የሚመጣው ትኩረት ነው። ፊሊፕ ጉዎና ባልደረቦቹ በ2014 በኤድኤክስ አራት ኮርሶች ላይ ቪዲዮ የታየባቸውን 6.9 ሚሊዮን ጊዜያት መርምረው፣ ቪዲዮው ምንም ያህል ቢረዝም ተማሪው በአብዛኛው ከ6 ደቂቃ በላይ እንደማይቆይ አገኙ። የሃምሳ ደቂቃ ሌክቸር ቀድቶ የሚጭን መምህር አብዛኛውን የሚናገረው ለራሱ ነው ማለት ነው። ስላይድ ላይ የተጻፈውን ቃል በቃል ማንበብም ይጎዳል። ሪቻርድ ሜየር በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ሳንታ ባርባራ፣ ለብዙ ዓመታት እንዳሳየው፣ ዓይን የሚያነበውና ጆሮ የሚሰማው አንድ ዓይነት ጽሑፍ ሲሆን አእምሮ ሁለቱን ሲያስተያይ ይደክማል፤ ሥዕሉ በዓይን፣ ማብራሪያው በጆሮ ሲገባ ይሻላል። ቋንቋው ለተማሪው ሁለተኛ ቋንቋ ሲሆን ግን ነገሩ ይለያል።

የኢትዮጵያ ከፍተኛ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ይህ ትንሽ ጉዳይ አይደለም። ክፍል ውስጥ መምህሩ የተናገረው አንድ ዐረፍተ ነገር ካመለጠ አመለጠ፤ እጅ አውጥቶ ይድገሙልኝ የሚል ተማሪ ጥቂት ነው። የተቀዳ ትምህርት ግን ይቆማል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ፍጥነቱ ይቀነሳል፣ የሚነገረውም ከሥር በጽሑፍ ይወጣል። በእንግሊዝኛ የሚማር የወለጋ ወይም የጎንደር ልጅ ከኦንላይን ትምህርት የሚያገኘው ትልቁ ጥቅም ይህ ሳይሆን አይቀርም። ሳያፍሩ አሥር ጊዜ ማስደገም የሚቻልበት ሌላ ክፍል የለም።

ሆኖም ቪዲዮ ደጋግሞ ማየት ማወቅ አይደለም፤ እዚህ ላይ ተማሪው ራሱን ያታልላል። ሮዲገርና ካርፒኪ በ2006 ባሳተሙት ሙከራ ከተማሪዎች ከፊሉ አንድን ጽሑፍ አንብቦ ደግሞ አነበበው፤ ሌላው ካነበበ በኋላ ጽሑፉን ሳያይ ያስታወሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደግመው ያነበቡት በለጡ፤ 81 በመቶ ለ75። ከሳምንት በኋላ ግን ተገላበጠ፤ ደግመው ያነበቡት 42 በመቶ፣ ራሳቸውን የፈተኑት 56 በመቶ አስታወሱ። በ2019 በሃርቫርድ የፊዚክስ ተማሪዎች ላይ የተደረገ ጥናት ደግሞ፣ ጥያቄ እየሠሩ የተማሩት የበለጠ ቢያውቁም የተማሩት አነስተኛ እንደሆነ ሲሰማቸው፣ የተዋጣለት ንግግር ያዳመጡት ግን ብዙ የተማሩ እንደመሰላቸው አሳየ። ጥሩ ተናጋሪ በጥሩ ቪዲዮ ሲያስረዳ ሁሉም ነገር የገባ ይመስላል፤ ወረቀት ቀርቦ እስክሪብቶ ሲያዝ ነው ባዶነቱ የሚታወቀው።

የአብነት ትምህርት ቤት ይህን ያለ ጥናት ያውቀው ነበር። የቃል ትምህርት የያዘ ተማሪ ለየኔታ ወይም ለከፍተኛው ተማሪ ሳያይ ካላለው ወደሚቀጥለው አይሻገርም። የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ቃል በቃል መያዝን አይጠይቅም፤ ሽምደዳው ጉዳት አለው። ሳያዩ ማውጣት የሚለው መሠረቱ ግን አንድ ነው። በኦንላይን ይህን ማድረግ ከክፍል ይልቅ ይቀላል። ካርል ስፑናርና ባልደረቦቹ በ2013 የ21 ደቂቃ የስታቲስቲክስ ቪዲዮ በአራት ከፍለው በየመካከሉ አጭር ፈተና ሲያስገቡ፣ የተማሪዎቹ ሐሳብ መባከን በግማሽ ያህል ቀነሰ፤ ማስታወሻ የሚይዘውም በዛ። ለዚህ የሚያስፈልገው ከየቪዲዮው በኋላ ሦስት ጥያቄ መጻፍ ነው፤ ውድ ሶፍትዌር አይጠይቅም።

የሰው መኖር ግን በጥያቄ አይተካም። ማይክል ሙር የተባለው የርቀት ትምህርት ሊቅ፣ ተማሪን ከትምህርቱ የሚያርቀው ኪሎ ሜትር ሳይሆን የመነጋገር ማነስ ነው ብሎ ያስተማረው ገና በፖስታ ዘመን ነው። ተማሪ ጥያቄ ጽፎ በማግስቱ መልስ ካገኘ ሌላ ይጠይቃል፤ ለሁለት ሳምንት ዝም ከተባለ ዳግም አይጽፍም። መምህሩ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ በታወቀ ሰዓት፣ ለግማሽ ሰዓት እንኳ ቢገኝ ይበቃል። ሁሉንም ክፍለ ጊዜ በቀጥታ ቪዲዮ ማድረግ የሚመስለውን ያህል ጥሩ አይደለም። የስታንፎርዱ ጄረሚ ቤይለንሰን በ2021 የቪዲዮ ስብሰባ ለምን እንደሚያደክም ሲያስረዳ፣ በቅርብ የተደቀነ ብዙ ዓይን፣ የራስን ፊት ሲያዩ መዋል፣ ከቦታ አለመንቀሳቀስና የሰውን ስሜት ለማንበብ የሚወጣውን ተጨማሪ ጥረት ጠቅሷል። ካሜራ ይከፈት ብሎ ማስገደድ ደግሞ ሰባት ሰው በአንድ ክፍል የሚኖርበትን ቤት ለክፍል ጓደኞች ማሳየት ይሆናል፤ ተማሪው ያፍራል፣ ብዙ ጊዜም ይቀራል።

የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ይህን ሁሉ በድንገት የተጋፈጡት በ2012 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መጋቢት 4 ቀን ተገኘ፤ ትምህርት ቤቶች መጋቢት 7 እንዲዘጉ ተወሰነ፤ ብዙም ሳይቆይ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ወደየቤታቸው ተሸኙ። በዚያ ሰሞን በዓለም ዙሪያ ከትምህርት ገበታው የተለየውን ተማሪ ዩኔስኮ ከ1.5 ቢሊዮን በላይ አድርሶታል። በሌላ አገር ትምህርቱ ወደ ዙም ሲዛወር፣ እዚህ ግቢ ውስጥ ዋይፋይ የነበረው ተማሪ ኔትወርክ ወደማይደርስበት ገጠር ገባ። የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችን በኢሜይልና በቴሌግራም ለማስቀጠል ተሞከረ፤ የመጀመሪያ ዲግሪው ግን በአብዛኛው ቆመ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። በሰከንድ 1 ሜጋቢት የሚወስድ የቀጥታ ቪዲዮ በሰዓት 450 ሜጋባይት ይበላል። አምስት ኮርስ ይዞ እያንዳንዱን በሳምንት ሦስት ሰዓት የሚከታተል ተማሪ በሳምንት 7 ጊጋባይት ገደማ ያስፈልገዋል፤ በካርድ ጥቅል እየገዛ። ያው ትምህርት በድምፅ ብቻ፣ በሰከንድ 32 ኪሎቢት ቢቀዳ፣ ለአንድ ሰዓት 14 ሜጋባይት ይበቃዋል። ሥዕል የሌለው የሃያ ገጽ ጽሑፍ ደግሞ ከ200 ኪሎባይት ብዙም አያልፍም። ስለዚህ ኔትወርክ ደካማ በሆነበት አገር ለመምህሩ የሚቀርበው ጥያቄ ቪዲዮ እንዴት ላሰራጭ የሚል ሊሆን አይገባም፤ ይህ ነገር የግድ ቪዲዮ ያስፈልገዋል ወይ የሚል ነው እንጂ። የላብራቶሪ ሥራ ወይም የሥዕል አሣሣል ያስፈልገዋል። የሕግ አንቀጽ ማብራሪያ በድምፅና በጽሑፍ ይበቃዋል።

ተማሪው በበኩሉ ይህን ቀድሞ ፈትቶታል። በኢትዮጵያ ካምፓሶች እውነተኛው የኦንላይን መማሪያ ቴሌግራም ነው። ሀንድአውቱ፣ የአምናው ሚድ፣ የድምፅ ማብራሪያው፣ ክፍል ተቀየረ የሚለው ማስታወቂያ ሁሉ በግሩፕና በቻናል ይመጣል። ፋይሉ አንዴ ከተጫነ ለሺህ ሰው ይደርሳል፤ በደካማ ኔትወርክም ቢሆን ቀስ እያለ ይወርዳል፤ የሌሊት ጥቅል ገዝቶ ማውረድ፣ ቀን ያለ ኢንተርኔት ማጥናት ይቻላል። ዩኒቨርሲቲው የገዛው ወይም ያስገነባው የመማሪያ ድረ ገጽ ባዶውን ተቀምጦ ተማሪው ቴሌግራም ላይ የሚገኘው በስንፍና አይደለም፤ የተሻለ ስለሚሠራለት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና ሲመጣ የዝግጅቱ ብዙ ክፍል የተካሄደው እዚያው ነው፤ ፈተናው ራሱም በኮምፒውተር ስለሚሰጥ መተየብና መዳፊት መያዝ ያልለመደ ተማሪ ተጨማሪ ጭንቀት አተረፈ። የቴሌግራም ጉድለቱ ሥርዓት የለሽነቱ ነው፦ የተሳሳተ መልስ ከትክክለኛው ጋር እኩል ይዘዋወራል፤ አንድ ሰዓት ለማጥናት የተከፈተ ስልክም ሁለት ሰዓት ወሬ ያወርዳል። ኮርሱን በሳምንት በሳምንት ከፋፍሎ በአንድ የጸዳ ቻናል የሚያስቀምጥ መምህር ግማሹን ችግር ያቃልላል።

ከተማሪውም ከመምህሩም አቅም በላይ የሆኑ እንቅፋቶች አሉ። መብራት ሲጠፋ የስልክ ኔትወርክም ብዙ ጊዜ አብሮ ይዳከማል። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ተቋርጧል፤ በትግራይ ጦርነት ጊዜ መቋረጡ ለሁለት ዓመት ያህል ዘለቀ፤ በአማራ ክልልም ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘግቶ ነበር። በቅርቡ ትምህርት ሚኒስቴር ከአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲና ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር በመሆን መምህራንን እያሠለጠነ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችን ኮርሶች ወደ ኦንላይን የማምጣት ሥራ ጀምሯል። ሥራው መልካም ነው፤ ነገር ግን ኢንተርኔት በትእዛዝ በሚዘጋበት አካባቢ ኦንላይን ብቻ የሆነ ፕሮግራም መክፈት ለተማሪው አለመታመን ነው። በፍላሽ የሚሰጥ ወይም በወረቀት የታተመ ቅጂ ያለው ኮርስ ግን ይተርፋል።

ቤትም እንደ ግቢ አይደለም። ሴት ልጅ ቤት ከዋለች ወጥ እንድትሠራ፣ ታናናሾቿን እንድትጠብቅ፣ እንግዳ እንድታስተናግድ ይጠበቃል፤ ስልኳን ይዛ ስትቀመጥ እየተማረች መሆኗን የሚያምናት ጥቂት ነው። ለዚህ የተሻለው መፍትሔ ቤተሰቡ የሚያውቀው ቋሚ ሰዓት ነው፤ ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት ክፍል አላት ከተባለ ይከበራል፤ ጊዜ ሲኖራት ታጠናለች ከተባለ ግን ጊዜው አይመጣም። በቅርብ ያለ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት፣ ወይም ባለ ዋይፋይ የኮሌጅ አዳራሽ ለኦንላይን ተማሪ መከፈቱ ከአዲስ ሶፍትዌር የበለጠ ዋጋ አለው። ዓይነ ስውር ተማሪ ደግሞ ጽሑፍ የሚያነብለት ፕሮግራም ሊኖረው ይችላል፤ ፕሮግራሙ ግን በስልክ ፎቶ ተነሥቶ ፒዲኤፍ የተደረገውን ሀንድአውት አያነብም፤ ለእሱ ባዶ ገጽ ነው። መምህሩ በኮምፒውተር የተጻፈውን ዋናውን ፋይል ቢልክ ችግሩ ያለ ምንም ወጪ ይፈታል።

ፈተናው ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። በካሜራ የሚጠብቁ ፕሮግራሞች ውድ ናቸው፤ ጠንካራ ኔትወርክ ይፈልጋሉ፤ ንጹሑንም እንደ ሌባ ያዩታል። እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ቻትጂፒቲ ከወጣ በኋላ ደግሞ ቤት ተሠርቶ የሚመጣ ድርሰት የማን እንደሆነ መለየት አስቸግሯል። ጉዳቱ ከኩረጃው በላይ ነው። በቱርክ ወደ አንድ ሺህ በሚጠጉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ላይ በተደረገ ሙከራ፣ ቻትጂፒቲን በሚመስል መሣሪያ እየታገዙ ሒሳብ የተለማመዱት የልምምድ ውጤታቸው በ48 በመቶ ከፍ አለ፤ መሣሪያው ተወስዶ ሲፈተኑ ግን ከነጭራሹ ካላገኙት በ17 በመቶ አነሱ። መልሱን ሳይሰጥ ፍንጭ ብቻ እንዲሰጥ በተዘጋጀው የተለማመዱት ይህ ጉዳት አልደረሰባቸውም። ለመምህሩ የቀረው መንገድ ወጪ የማይጠይቅ ነው፦ ትልቁን ፈተና በአካል መስጠት፣ ለተቀረው ደግሞ ተማሪውን በስልክ አምስት ደቂቃ ይህን እንዴት አገኘኸው ብሎ መጠየቅ።

አምስት ደቂቃ ግን በሁለት መቶ ተማሪ ሲባዛ ከ16 ሰዓት በላይ ነው፤ ነገሩ ሁሉ ወደ ገንዘብ የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው። የኦንላይን ፕሮግራም የሚከፈተው ብዙ ጊዜ ይረክሳል ተብሎ ነው፤ ሕንጻ፣ ዶርምና ካፌ አይፈልግምና። ከሕንጻ የተረፈው ገንዘብ ወደ አስጠኚ መምህር ካልዞረ ግን የሚረክሰው ዲግሪው ነው። ስለዚህ ለኦንላይን ፕሮግራም ሊመዘገብ ያሰበ ሰው ከመክፈሉ በፊት ሬጅስትራሩን ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ አንድ መምህር ስንት ተማሪ ይይዛል? አሳይመንት ታርሞ በስንት ቀን ይመለሳል? አምና ከተመዘገቡት ስንቱ ጨረሱ? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሌለው ተቋም ገና ለማስተማር አልተዘጋጀም።